የባለእጁን ክብር በአዋጅ ያስከበሩት ንጉሠ ነገሥት

ከኮምቦልቻ ሜዳ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ መንገደኛ ከጦሳ ተራራ ሥር የተዘረጋችውን ደሴን ያገኛል። በገበያዋ መሬት ላይ ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ዶማው፣ መጥረቢያውና ቢላዋው ተደርድሮ ገዢውን ይጠብቃል። ከእነዚህ ሁሉ ቢላዋው ትንሹ ነው፤ ከሰው እጅ የማይለየውም እርሱ ነው። ገበሬው ጠፍር ይቆርጥበታል፤ እረኛው በትር ይጠርብበታል፤ አባወራው የበዓሉን በግ ይባርክበታል። በቀደመው ዘመን ደግሞ ዘማቹ ከወገቡ ሳይለየው ከሰፈር ወደ ሰፈር ይጓዝ ነበር።

የቢላዋ ሥራ ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ዛሬ ባለእጁ ያረጀ የመኪና ባሌስትራ ቆርጦ ከከሰል እሳት ውስጥ ይማግዳል። ወናፉ እየተነፋ ብረቱ ቀልቶ ወደ ብርቱካን መልክ ሲሸጋገር በጉጠት ይዞ በመስፍ ላይ ያኖረዋል፤ በመዶሻም ይዘረጋዋል። ሲቀዘቅዝ ወደ እሳቱ ይመልሰዋል፤ ሲግል ያወጣዋል። ቅርጹ ከተስተካከለና ስለቱ ከቀጠነ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ አግሎ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። የሥራው ሁሉ ፈተና ይህች ቅጽበት ናት። ብረቱ ከልክ በላይ ግሎ ከተነከረ ይሰነጠቃል፤ ሙቀቱ ካነሰ ደግሞ ስለቱ ለስልሶ ይታጠፋል። ከተነከረም በኋላ በመጠኑ መልሶ ካላሞቀው ደርቆ ይሰበራል። ባለእጁ ለዚህ ሁሉ የሙቀት መለኪያ የለውም። የብረቱን ቀለም የሚያነብ ዓይን፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ዕውቀት ብቻ አለው።

መኪና ባልነበረበት ዘመን ባለእጁ ብረቱን ራሱ ከምድር ያወጣው ነበር። ብረት ያዘለ ድንጋይ እየለቀመ፣ ከከሰል ጋር በሸክላ ምድጃ እያነባበረ፣ ወናፍ ሲያስነፋ ውሎ ዝቃጩን ከብረቱ ይለያል። ይህን ያህል የሚያውቀው ሰው ግን በገዛ አገሩ የሚጠራበት ስም ስድብ ነበር። ጠይብ ይባላል፤ ቀጥቃጭ ይባላል። ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ያድራል ተብሎ ይፈራል። ከሙያ ወገኑ ውጭ ጋብቻ ማግኘት ይከብደዋል። ገበሬው እርሱ በሠራው ማረሻ አርሶ ያመረተውን እህል ሲበላ፣ የዚያኑ ባለእጅ ዓይን ፈርቶ ገበታውን ይሸፍን ነበር።

ይህን ነውር በአዋጅ የተቃወሙት ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። ሰው ምኒልክን በዓድዋ ድል፣ በባቡርና በስልክ ያስታውሳቸዋል። በ1900 ዓ.ም. ለባለእጁና ለገበሬው ያወጁት አዋጅ የሚነሣው ግን ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ወደዚያ አዋጅ ያደረሳቸው ረጅም መንገድ ደግሞ ደጋግሞ የሚያልፈው በዛሬው ደቡብ ወሎ ምድር፣ በመቅደላ፣ በወረኢሉ፣ በቦሩ ሜዳና በውጫሌ ነው።

የመጀመሪያ ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያው ወቅት አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ይዘው አልጋ ወራሹን ልጅ ማርከው ሄዱ። ልጅነታቸውና ጉርምስናቸው በምርኮ አለፈ። መኖሪያቸውም በኋላ የአፄ ቴዎድሮስ መጨረሻ የሆነው የመቅደላ አምባ ነበር።

አፄ ቴዎድሮስ ምርኮኛውን ልጅ እንደ ልጃቸው አሳደጉት፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩለት። ወጣቱ በቴዎድሮስ ቤት የመንግሥትን ሥርዓትና የጦርን ስልት ተማረ። የብረትን ነገርም በቅርብ ሰማ። በዚያ ዘመን አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረት ሥራ መንደር አቋቁመው፣ የውጭ አገር ባለሙያዎችን ሰብስበው፣ የአገር ልጆች ከእነርሱ እንዲማሩ ያደርጉ ነበር። መድፍ በአገር ውስጥ ካልተሠራ አገር ሰው እጅ ላይ ትወድቃለች የሚለው ሐሳብ ከእርሳቸው ጋር የተወለደ ያህል ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ በጋፋት ተሠርቶ፣ በሰው ጉልበት ገደልና ወንዝ ተሻግሮ መቅደላ ሲደርስ ግን ምኒልክ በአምባው ላይ አልነበሩም።

በ1857 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ በእነ ገርማሜ ዘዴ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎ ወረዱ። የወሎዋ እመቤት ወርቂት ተቀበለቻቸው። የእርሷም ልጅ በመቅደላ በመያዣነት ታስሮ ነበርና ምርጫው ከባድ ነበር። ምኒልክን ብታስረክብ ልጇን ታተርፋለች፤ ብታሳልፍ ታጣዋለች። ወርቂት እንግዳውን አሳለፈች። አፄ ቴዎድሮስም በቁጣ ልጇን አስገደሉት። ምኒልክ ሸዋ ገብተው በአባታቸው ዙፋን ሲቀመጡ፣ የዙፋናቸው ዋጋ በአንዲት የወሎ እናት ሐዘን ተከፍሎ ነበር።

ይህ ውለታ ግን በሸዋና በወሎ መካከል ሰላም አላወረደም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ምኒልክ ወደ ወሎ እየዘመቱ ወረኢሉን የሰሜኑ የጦር ሰፈራቸው አደረጓት። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው ቦሩ ሜዳ ከአፄ ዮሐንስ ጋር በጉባኤ ተቀመጡ። በዚያ ጉባኤ የሃይማኖት ክርክር በንጉሥ ፍርድ ተዘጋ፤ ከጉባኤውም ጋር ተያይዞ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ተገደዱ። መሐመድ አሊ ሚካኤል ተብለው የተጠሩት ያን ጊዜ ነው። ወሎ ያን ዘመን የምታስታውሰው ከነቁስሉ ነው።

የዚያ ዘመን ንጉሥ የሚኖረው ከከተማ ይልቅ በሰፈር ነበር። ድንኳኑ በመካከል ይተከላል፤ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ ይሰፍራል። የመኳንንቱ ማዕረግ ከሰፈሩ አቀማመጥ የተወሰደ ነው። በዚህ ሁሉ ሥርዓት ውስጥ ቢላዋ የማይዝ ሰው አልነበረም። የድንኳን ካስማ ይጠረብበታል፤ ማገዶ ይሰነጠቅበታል፤ የተጣለው ሰንጋ ይበለትበታል። ግብር በሚበላበት ቀንም ብርንዶው ተሸክሞ በሚቀርብበት ገበታ ላይ ተጋባዡ ሁሉ በቢላዋው ይቆርጣል። የጎራዴ ባለቤት ማዕረግ ነበረው፤ የቢላዋ ባለቤት ገበታ ነበረው። ሁለቱንም በእሳት ፊት ተቀምጦ የሠራው ሰው ግን በሰፈሩ ካርታ ላይ ስም አልነበረውም።

ምኒልክ ከሌሎቹ መሳፍንት የሚለዩበት አንድ ጠባይ ነበራቸው። የእጅ ሥራ ይስባቸው ነበር። የዘመኑ የውጭ አገር ጎብኚዎች እንደ መሰከሩት፣ አዲስ መሣሪያ ሲቀርብላቸው ከመደነቅ አልፈው ውስጡን ማየት ይሹ ነበር። ሰዓት ይፈታሉ፤ ጠመንጃ ይፈታሉ፤ መልሰውም ይገጥማሉ። በ1871 ዓ.ም. ገደማ አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊዝ መሐንዲስ ሸዋ ሲገባ፣ ንጉሡ ጠመንጃ እንዲሠራላቸው እንዳዘዙት ይነገራል። ጠመንጃ ከአውሮፓ ገዝቶ ማስመጣት ርካሽ እንደሆነ መሐንዲሱ ቢያስረዳም እርሳቸው በአገራቸው መሠራቱን ፈለጉ። በመቅደላ ዘመን የሰሙት የጋፋት ሐሳብ ከልባቸው አልወጣም ነበር።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ ክፉ ቀን መጣ። የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ ጨረሰው። ወሎን ጨምሮ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ማሳ ጦሙን አደረ፤ ሰውም በረሃብ አለቀ። በሬ በሌለበት ሞፈርና ቀንበር ዋጋ አልነበራቸውም። በዚያ ጊዜ ምኒልክ ዶማ አንሥተው በገዛ እጃቸው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲቆፍሩ አደረጉ። ንጉሥ ዶማ ከያዘ ሌላው በመቆፈር ሊያፍር አይችልም። የንግሥናቸው ታሪክ ካቆየልን ተግባሮቻቸው መካከል፣ ለኋለኛው አዋጅ ሥሩ ይህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በሬው ሲሞት በሕይወትና በሞት መካከል የቀረው ባለእጁ የሠራው የብረት ቁራጭ ብቻ ነበርና።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል ምድር በውጫሌ ከኢጣልያ ጋር ውል ፈረሙ። በውሉ 17ኛው አንቀጽ ላይ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል ተለያየ። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከፈለጉ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሊላላኩ ይችላሉ ይላል፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ኢጣልያም ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር እንዳደረገች ለዓለም አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን አፈረሱ። መስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ተነገረ፤ የሸዋውም ጦር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ታዘዘ። የወረኢሉ ሜዳ በድንኳን ተሞላ። ራስ ሚካኤልም የወሎን ፈረሰኛ አስከትለው ዘመቱ። ወደ 100 ሺህ የሚገመተው ጦር በአምባላጌና በመቀሌ አልፎ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አደረገ።

የዓድዋ ድል ግን አንድ እውነት አጋልጦ ነበር። ጦሩና ጎራዴው የአገር ባለእጅ ሥራ ነበር፤ ጠመንጃውና መድፉ በአብዛኛው ከውጭ በገንዘብ የተገዛ ወይም ከጠላት የተማረከ ነበር። ሻጭ ፊቱን ያዞረ ቀን የገዢ እጅ ባዶውን ይቀራል። ከዓድዋ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስልክ ተዘረጋ፤ ገንዘብ የሚታተምበት መኪና ገባ፤ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ገደማ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ባንክ ተከፈተ። ጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ። ይሁን እንጂ መኪናውን የሚፈታና የሚገጥም፣ የተሰበረውን የሚቀጥል የአገር ልጅ ከየት ይምጣ? ብረት የሚያውቀው ሰው ስድቡን ሸሽቶ ሙያውን ከልጁ ይደብቅ ነበር። ልጁም የአባቱን መዶሻ ሲያይ ያፍር ነበር።

ጥር 17 ቀን 1900 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የአዋጁ መነሻ የሰው ልጅ ሁሉ ከአንድ አዳምና ከአንዲት ሔዋን መወለዱ ነው፤ ስለዚህም በትውልድ መናናቅ መሠረት የለውም ይላል። ከዚያም የሚሰደቡትን በየተራ ያነሣል። ብረት የሚሠራው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ የሚጽፈው፣ የሚያርሰው፣ ሁሉም በሥራው ስም መሰደቡን ይዘረዝራል። ምንም ሥራ የማያውቀው ሰነፍ ጥበበኛውን እየሰደበ ሙያውን እንዲተው እንዳደረገውና በዚህ ከቀጠለ የሚታረስበት ማረሻ ታጥቶ አገር ባዶ እንደምትሆን ያስጠነቅቃል። በአውሮፓ አገር ግን እንዲህ ያለው ባለሙያ መሐንዲስ ተብሎ እንደሚመሰገን፣ ረዳትም እንደሚጨመርለት ያነጻጽራል።

የአዋጁ ጽኑ ክፍል ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሠራተኛን በሥራው የሰደበ ሰው ንጉሡን እንደሰደበ ይቆጠራል። ቅጣቱም አንድ ዓመት እስር ነው። ሹማምንቱ ማሰር ከቸገራቸው ተሳዳቢውን ወደ ንጉሡ እንዲልኩ ታዘዙ። በዘመኑ ከንጉሥ ክብር በላይ ምድራዊ ክብር አልነበረም። ምኒልክ የራሳቸውን ክብር አንሥተው በወናፉ ፊት ለተቀመጠው ሰው ጋሻ አደረጉለት። ባለእጁንና ገበሬውን በአንድ አዋጅ ማስቀመጣቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ገበሬው ባለእጁን ሲንቅ፣ እርሱም በተራው በመኳንንቱ ዘንድ በእርሻው ይናቅ ነበር። የአንዱ ስድብ ለሌላው እንደሚተርፍ አዋጁ አሳየ።

ይሁንና ዘመናት ያቆሙትን ግንብ አንድ አዋጅ አይንደውም። አዋጁ የተሳዳቢን አፍ ያስይዝ ይሆናል፤ የሰውን ልብ ግን አያስርም። ባለእጁን ከጋብቻ ያገለለው፣ ቡዳ ያለው ልማድ ከንጉሡ ዕድሜ በላይ ቆየ። አዋጁ ለባለእጁ መሬት አልሰጠውም፤ ትምህርት ቤትም አላቆመለትም። ለማስፈጸም የሚበቃ ጊዜም ምኒልክ አላገኙም። ሕመማቸው ጠናባቸው፤ ሰውነታቸውም ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ሄደ። በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋንና የወሎውን ራስ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው አድርገው አሳወቁ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ወርቂት በልጇ ሕይወት ያሳለፈችው ሰው ዙፋን፣ በመጨረሻ ከወሎ አባት ለተወለደ ልጅ ተላለፈ።

የኢያሱ አባት ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ተብሎ ይጠራል። ስሙ ማንንም የማይጸየፍ፣ የመጣውን ሁሉ የሚያስተናግድ ማለት ነው። በዚያ አዳራሽ ብርንዶ የቆረጠ ቢላዋ ሁሉ ከአንድ ባለእጅ መስፍ ላይ የወጣ ነው። የአዳራሹ ስም የያዘው ተስፋና የ1900 ዓ.ም. አዋጅ ተስፋ አንድ ናቸው። ሁለቱም ሰው ገበታ ሲቀርብ ትውልዱም ሙያውም እንዳይጸየፍበት ይሻሉ።

ዛሬ ከደሴ ቁልቁል ሲታይ የኮምቦልቻ ሜዳ የፋብሪካ ጣሪያ ለብሷል። የብረታ ብረትና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አሉባት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያው ይገኛል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በከተማዋ ወጣቶችን በምህንድስና ያስተምራል። ብረት በምን ያህል ሙቀት እንደሚጠነክር፣ በምን ያህል እንደሚለዝብ፣ ለምን እንደሚሰነጠቅ ተማሪው በመለኪያና በስሌት ይማራል። በደሴ ገበያ ቢላዋ የሚሸጠው ባለእጅ ይህንኑ ዕውቀት በዓይኑና በእጁ ይዞታል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ምኒልክ በአዋጃቸው መሐንዲስ የሚለውን ቃል ከብረት ሠሪው ስም ጋር ያገናኙት ያንን ርቀት ለማጥበብ ነበር። ቀሪው ሥራ ለንጉሥ የሚተው አይደለም። በገበያ ቀን ከተደረደረው ቢላዋ አንዱን አንሥቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ የሚፈትን ገዢ፣ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት የሠሪውን ስም ቢጠይቅ ከአዋጁ የቀረውን ጥቂት ይፈጽማል። ባለእጁም ስሙን ሳያፍር ከተናገረ፣ ልጁንም ወናፉ አጠገብ አስቀምጦ የብረቱን ቀለም ካስነበበው፣ የሚታረስበት ማረሻ ታጥቶ አገር ባዶ ትሆናለች የተባለው ሥጋት ይርቃል።